መጠንና ሚዛን፦ የተመጣጣኝነትን መርሕ ታሪክ እንዴት እናጥና?

በአማርኛችን «መጠን» እና «ሚዛን» ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። መጠን ስንል አንድን ነገር በራሱ እንለካዋለን፤ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እንላለን። ሚዛን ስንል ግን ሁለት ነገር ያስፈልገናል፤ አንዱ በዚህ ወገን፣ ሌላው በዚያ ወገን ይቀመጥና የትኛው እንደሚደፋ እናያለን። የሕግ ሰዎች «የተመጣጣኝነት መርሕ» የሚሉት ነገር ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቅልሎ የያዘ ነው። ታሪኩን ላጥና ብሎ የተነሳ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናገረውም እዚሁ ላይ ነው።

መርሑ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። መንግሥት የሰውን መብት ሲገድብ አራት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛ፣ የተነሳበት ዓላማ ተገቢ ነወይ? ሁለተኛ፣ የመረጠው እርምጃ ወደዚያ ዓላማ በርግጥ ያደርሳል ወይ? ሦስተኛ፣ ያንኑ ዓላማ የሚያስገኝ፣ ሰው ላይ ግን ቀለል ያለ ጉዳት የሚያደርስ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አራተኛ፣ የሚገኘው ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ሲመዘን ያመዝናል ወይ? የፊተኞቹ ሦስቱ የመጠን ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጨረሻው የሚዛን ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ እንኳ አገራችን ከፈላስፋ ሳትማር በተረቷ ታውቀዋለች፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባል የለ!

የዚህች ሐተታ ዓላማ መርሑን ማወደስ አይደለም። እሱን የሚያደርጉ መጻሕፍት ሞልተዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይህ መርሕ ከየት እንደመጣና በተጨባጭ ምን እንደሠራ ማወቅ የሚሻ ተማሪ በምን ዘዴ ይመርምር? ዘዴ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን ደረቅ ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ለወጉ ያህል ተጽፎ የሚታለፍ። ነገር ግን ከዚህ በታች ለማሳየት እንደምንሞክረው፣ የዘዴው ምርጫ መልሱን ይለውጠዋል። መልሱ ደግሞ የመጻሕፍት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከእስር ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ዕጣ ላይ ይደርሳል። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን፤ የኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብለን እንለያለን።)

1. ፍርዱን ራሱን ማንበብ

በመማሪያ መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። የተመጣጣኝነት መርሕ በ1882 በበርሊን ከተማ፣ ክሮይትስበርግ በተባለ ኮረብታ ጉዳይ ተወለደ ይባላል። እስቲ እኛም ከዚሁ እንጀምር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፕሩሲያ ከናፖሊዮን ጋር ያደረገችውን የነፃነት ጦርነት ለማስታወስ በዚያ ኮረብታ አናት ላይ ሐውልት ቆሟል፤ የተመረቀውም በ1821 ነው። ከተማው እያደገ ሲሄድ ቤቶች ወደ ኮረብታው እየተጠጉ መጡ። በ1879 የበርሊን ፖሊስ፣ ከሐውልቱ ወደ ከተማው፣ ከከተማውም ወደ ሐውልቱ የሚታየው እይታ እንዳይጋረድ፣ በአካባቢው የሚሠሩ ቤቶች ከፍታ የተወሰነ እንዲሆን ደንብ አወጣ። አንድ ባለርስት ፎቅ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ቢጠይቅ ተከለከለ። ሰውየውም ዝም አላለም፤ ከሰሰ። የፕሩሲያ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ከተቋቋመ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ሰኔ 14 ቀን 1882 ለባለርስቱ ፈረደ፤ ደንቡም ዋጋ አጣ።

እንግዲህ ጥያቄው፤ ፍርድ ቤቱ ምን ብሎ ፈረደ? ተራኪው «ፖሊስ ከመጠን አለፈ አለ» ይለናል። ፍርዱን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው በ1794 በወጣው የፕሩሲያ ጠቅላላ ሕግ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ርዕስ 17፣ አንቀጽ 10 ላይ ነው። ያ አንቀጽ ለፖሊስ የሚሰጠው ሥራ የሕዝብን ሰላም፣ ደህንነትና ሥርዓት መጠበቅና አደጋን መከላከል ነው። እይታን ማሳመር ግን አደጋን መከላከል አይደለም። ስለዚህ ፖሊስ ለውበት ሲል ደንብ የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ አለቀ። ከፍታው በዛ ወይም አነሰ፣ ሌላ ቀለል ያለ መንገድ ነበር ወይም አልነበረም፣ የሐውልቱ ክብርና የባለርስቱ ጥቅም ሲመዘኑ የቱ ይደፋል የሚለው ክርክር የፍርዱ ምሰሶ አይደለም። ምሰሶው ሥልጣን ነው።

ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ አይደለም። ከአራቱ ጥያቄዎች ፍርዱ በርግጥ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ከዚያ ፍርድ የሚያወጣ ሰው፣ በኋላ የመጣውን ወስዶ ወደኋላ እየተከለ ነው። የመጀመሪያው የዘዴ ትምህርታችን ይኸው ነው፤ ስለ ፍርድ የተጻፈውን ከማንበብ አስቀድሞ ፍርዱን ማንበብ፤ ሲነበብም ውሳኔውንና ምክንያቱን ለየብቻ መያዝ። ውሳኔው «ደንቡ ዋጋ የለውም» ነው፤ ታሪክ የሚሠራው ግን ምክንያቱ ነው።

2. ቃሉንና ነገሩን ለየብቻ መከተል

ከክሮይትስበርግ ወደኋላ ብንሄድስ? እዚህ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የዘር ሐረግ ፍለጋ እንበለው። ተመጣጣኝነትን የሚመስል ነገር ፈልጎ የማያገኝ የለም። «ዓይን ስለ ዓይን፣ ጥርስ ስለ ጥርስ» የሚለው የኦሪት ሕግ ለብዙዎች የበቀል ድምፅ ቢመስልም፣ በሌላ አንጻር ሲታይ ወሰን ነው፤ ስለ አንድ ጥርስ አንድ ጥርስ እንጂ ነፍስ አይጠፋም። በሐሙራቢ ሕግም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1215 የእንግሊዝ ንጉሥ ያጸደቀው ማግና ካርታ ደግሞ በአንቀጽ 20 ላይ የገንዘብ መቀጮ እንደ ጥፋቱ ክብደት ይሁን ይላል፤ መቀጮው ከባድ ቢሆን እንኳ ነጋዴውን ከሸቀጡ፣ ገበሬውን ከእርሻ መሣሪያው እንዳይነቅል ያዛል። ጣሊያናዊው ቤካሪያም በ1764 ባሳተመው የወንጀልና የቅጣት መጽሐፉ ቅጣት ከወንጀሉ ጋር ይመጣጠን ሲል ተከራክሯል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የክሮይትስበርግ አባቶች ናቸው? እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች መመሳሰላቸው አንዱ ከሌላው መወለዱን አያስረዳም። የገጠር አጥር ሁሉ ይመሳሰላል፤ ይህ ማለት ግን አንድ ሰው ዞሮ ሠራው ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስናቸው ሁሉ የሚናገሩት ስለ ቅጣት ነው፤ ጥፋተኛ ስለሆነ ሰው። የክሮይትስበርግ ባለርስት ግን ምንም አላጠፋም። ቤት ልሥራ ነው ያለው። ጥፋት የሌለበትን ሰው ነፃነት መንግሥት ምን ያህል ይንካ የሚለው ጥያቄ ከቅጣት ጥያቄ የተለየ ነው፤ የታሪክ ጎዳናውም ለብቻ ነው።

ያኛውን ጎዳና ለመከተል ከተፈለገ መጠየቅ ያለበት «የሚመስለው ማነው?» ሳይሆን «ያስተላለፈው ማነው?» የሚለው ነው። ከ1794ቱ ሕግ አርቃቂዎች አንዱ ካርል ጎትሊብ ስቫሬዝ የተባለ ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1791 እና በ1792 ለአልጋ ወራሹ፣ በኋላ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ ለተባለው፣ ሕግ ያስተምር ነበር። ትምህርቱም፣ መንግሥት የግለሰብን ነፃነት መገደብ የሚችለው የሁሉም ነፃነትና ደህንነት እንዲጠበቅ አስፈላጊ እስከሆነበት ድረስ ነው የሚል ነበር። እዚህ ጋ ሰው አለ፤ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ወደ ሕግ፣ ከሕጉ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ መንገድ አለ። ይህን ነው ማስረጃ የምንለው። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ የአስተዳደር ሕግ ሊቃውንት፣ እነ ኦቶ ማየር፣ እነ ፍሪትዝ ፍላይነር፣ እነ ቫልተር የሊኔክ፣ ነገሩን በመጽሐፍ ቀመሩት። የፍላይነር ስም እስከዛሬ የሚነሳው ድንቢጥንና መድፍን አጣምሮ ባነሳው ምሳሌ ነው፤ የምሳሌውን ፍሬ ነገር አንባቢያችን ያለ አስተርጓሚ ይገምተዋል።

የአገራችንንም ሕግ በዚሁ መንገድ ማየት ይቻላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 74 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ፣ መከላከሉ ከጥቃቱ አደገኛነትና ክብደት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። ከዚህ ተነስቶ «ተመጣጣኝነት በኛ ሕግ ከጥንትም ነበር» ብሎ መደምደም ያጓጓል። ግን የመጀመሪያውን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጀው የስዊስ ሊቅ ዣን ግራቨን ነው፤ የመተላለፊያው መንገድ በጄኔቭ በኩል ነው። ደግሞም አንቀጹ የሚናገረው ሰው በሰው ላይ ስለሚወስደው የመከላከል እርምጃ እንጂ መንግሥት በሰው ላይ ስለሚወስደው አይደለም። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው።

3. ዝምታውን ማጥናት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንለፍ። ሰኔ 1 ቀን 1931 ፕሩሲያ አዲስ የፖሊስ አስተዳደር ሕግ አወጣች። በአንቀጽ 41 ላይ፣ ፖሊስ ብዙ አማራጭ ሲኖረው በተቻለ መጠን ሰውየውንና ሕዝቡን እጅግ አነስተኛ በሆነ ሁኔታ የሚጎዳውን ይምረጥ ይላል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ጥርት ብሎ በሕግ ሰፍሯል። ሐሳብ ብቻ ተከትሎ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እዚህ ሲደርስ ደስ ይለዋል፤ «መርሑ ሙሉ ሰው ሆነ» ይላል።

ሁለት ዓመት አልሞላም። የካቲት 28 ቀን 1933 የራይሽስታግ ሕንፃ በተቃጠለ ማግስት በወጣው ድንጋጌ የግል ነፃነት፣ የመናገር፣ የመሰብሰብ መብቶች ታገዱ። ከዚያም የካቲት 10 ቀን 1936 የወጣው የፕሩሲያ የጌስታፖ ሕግ በአንቀጽ 7 ላይ፣ የምስጢር ፖሊሱ ትእዛዝና ጉዳይ በአስተዳደር ፍርድ ቤት አይመረመርም አለ።

ልብ እንበል፤ የ1931ዱን አንቀጽ 41 በመሻር ጊዜ ያጠፋ አልነበረም። አስፈላጊም አልነበረም። አንቀጹ በወረቀቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ የተዘጋው በር ነው። በሌሊት ከቤቱ የተወሰደ ሰው «ቀለል ያለ መንገድ ነበረኮ!» ብሎ የሚጮህበት ችሎት አልነበረውም። የክሮይትስበርግ ባለርስት ያሸነፈው መርሑ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ከሶ የሚገባበት በር ስለነበረው ነው።

ከዚህ የምናገኘው የዘዴ ትምህርት ከሁሉም የከበደ ነው። የአንድ መርሕ ታሪክ የተነገረበት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዝም የተባለበትም ታሪኩ ነው። ሐሳብን ብቻ የሚከተል ተማሪ ከ1931 ዘሎ 1949 ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያሉት ዓመታት በጽሑፉ ውስጥ አንድ ባዶ መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ ከአንቀጹ ይዘት ጎን ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ማን መክሰስ ይችላል? በየትኛው ፍርድ ቤት? የትኛውስ ጉዳይ ከፍርድ ቤት ውጪ ተደርጓል? ይህን የማይጠይቅ ጥናት፣ ቁልፉ ከጠፋ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ እየቆጠረ ባለቤቱን «ሀብታም ነህ» የሚል ጥናት ነው።

4. እውነታውን ከቃሉ ጋር ማያያዝ

በ1949 የወጣው የምዕራብ ጀርመን መሠረታዊ ሕግ «ተመጣጣኝነት» የሚለውን ቃል አይጠቅስም። ይሁንና በ1951 ሥራ የጀመረው የካርልስሩኸ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርሑን ከአስተዳደር ሕግ አንሥቶ በምክር ቤት ሕግ ላይ ሠራበት። ለዚህ ዋናው ምስክር ሰኔ 11 ቀን 1958 የተሰጠው የመድኃኒት ቤት ፍርድ ነው።

አንድ ፋርማሲስት በላይኛው ባቫሪያ በምትገኝ ትራውንሮይት በተባለች ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ልክፈት ብሎ ተከለከለ። የባቫሪያ የ1952 ሕግ፣ አዲስ መድኃኒት ቤት የሚፈቀደው ለሕዝቡ አቅርቦት አስፈላጊ ሲሆንና በጎረቤት ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ገቢ በእጅጉ የማይጎዳ ሲሆን ነው ይል ነበር። መንግሥት ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መድኃኒት ቤት ከበዛ ውድድር ይበዛል፣ ውድድር ከበዛ ባለቤቶቹ ይደኸያሉ፣ ከደኸዩ ደግሞ ግዴታቸውን ችላ ይላሉና የሕዝብ ጤና ይጎዳል አለ። ዓላማው፣ ማለትም የሕዝብ ጤና፣ ከፍ ያለ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ይህን አልካደም። ግን ያ የተፈራው ነገር በርግጥ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። መድኃኒት ቤት በነፃነት ወደሚከፈትባቸው እንደ ስዊዘርላንድ ወዳሉ አገሮችም ተመለከተ፤ የተፈራው ጉዳት ደርሶ አላገኘም። ጤናን ለመጠበቅ ባለሙያውንና መድኃኒቱን መቆጣጠር እያለ በሩን ጨርሶ መዝጋት አስፈላጊ አይደለም ሲል ክልከላውን ሻረ።

ይህ ለዘዴ ምን ይነግረናል? ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ የቃላት ጥያቄዎች አለመሆናቸውን ነው። «ያደርሳል ወይ?»፣ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ሲባል መልሱ የሚገኘው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከኑሮ ነው። ስለዚህ አጥኚው፣ ፍርድ ቤቱ የትኛውን እውነታ፣ ከማን ተቀብሎ፣ ማስረዳት የማን ግዴታ ነው ብሎ እንደፈረደ መመርመር አለበት። መንግሥት «አስጊ ሁኔታ አለ» ሲል ቃሉ ብቻ የሚበቃበት አገርና ማስረጃ የሚጠየቅበት አገር፣ አንድ ዓይነት መርሕ በወረቀት ቢኖራቸውም እንኳ፣ አንድ ሕግ አላቸው አይባልም።

በዚያው ዓመት፣ ጥር 15 ቀን 1958፣ ያው ፍርድ ቤት የሉትን ፍርድ ሰጥቶ ነበር፤ የመናገር ነፃነት ከሌላ ሰው ጥቅም ጋር ሲጋጭ መመዘን እንዳለበት የተናገረበት። አንዱ ፍርድ የመጠንን፣ ሌላው የሚዛንን ጎዳና የሚያሳዩ ሁለት ምስክሮች ናቸው ብንል አንሳሳትም። ሊቃውንቱም በጊዜው ይጽፉ ነበር፤ የፔተር ሌርከ መጽሐፍ በ1961 ወጣ፣ የሮበርት አሌክሲ የመሠረታዊ መብቶች ንድፈ ሐሳብ ደግሞ በ1985። ዓመቶቹን በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሰው፣ አራቱን ጥያቄ እንደ መሰላል አሳምሮ የደረደረው ንድፈ ሐሳብ ከፍርዶቹ በኋላ እንደመጣ ያያል።

5. ማወዳደርና መቁጠር

ከዚያ መርሑ ተጓዘ። እንዴት ተጓዘ? አንዳንድ ጊዜ በጆንያ ተጭኖ ማለት ይቻላል። አንድ የጀርመን ላኪ ድርጅት 20,000 ቶን የበቆሎ ክክ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ወስዶ፣ በጊዜው ሳይጨርስ በመቅረቱ ያስያዘው ገንዘብ ከፊሉ ተወረሰ። የፍራንክፈርት የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይህ አሠራር ከተመጣጣኝነት ጋር ይጋጫል ብሎ በማሰብ ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ላከው። ፍርድ ቤቱ በ1970 አሠራሩን ባይሽረውም፣ ክርክሩን በመርሑ ቋንቋ ተቀብሎ መረመረው። እዚህ ያስተላለፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሰነዱ አለ። የሰብዓዊ መብቶች የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ1976 በሃንዲሳይድ ጉዳይ፣ ገደብ ከዓላማው ጋር ይመጣጠን ብሎ በማያሻማ ቃል ተናገረ።

ካናዳ ግን ሌላ ናት። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 በኦክስ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ከጀርመኑ ጋር መንትያ ይመስላል፤ ሆኖም በፍርዱ ውስጥ የጀርመን ፍርድ ተጠቅሶ አይገኝም። መንትያ የሚመስሉትም ሥራቸው ይለያያል። በጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዲተር ግሪም በ2007 እንዳሳዩት፣ በካናዳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ በጀርመን ግን አራተኛው ላይ ይደርሳል። ሞሼ ኮኸን-ኤሊያና ኢዶ ፖራት የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ደግሞ የአሜሪካው «ማመዛዘን» እና የጀርመኑ «ተመጣጣኝነት» በቃል ቢቀራረቡም የተወለዱበት ፖለቲካዊ ምክንያት ለየቅል እንደሆነ ጽፈዋል። እንግዲህ ማወዳደር ማለት ተመሳሳይ ቃል መልቀም አይደለም፤ አንዱ ቃል በየአገሩ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማየት ነው።

መቁጠርም ዘዴ ነው። ኒልስ ፔተርሰን በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ የካናዳን፣ የጀርመንንና የደቡብ አፍሪካን ፍርዶች አንድ በአንድ እየመረመረ፣ ሕግ የተሻረው በየትኛው ጥያቄ ላይ ነው ብሎ ለይቷል። መቁጠር ጉረኛ አባባልን ያስታግሳል፤ «ዳኞች በሚዛን ስም እንደልባቸው ይሽራሉ» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን የራሱ ጉድለት አለበት። ፍርድ ቤት በአንደኛው ጥያቄ ላይ ከወደቀ ሕግ ጋር ወደ አራተኛው አይሄድም፤ ስለዚህ ያልተመዘነው ነገር በቁጥር ውስጥ አይገባም። ሌላም አለ፤ ዳኛው «አስፈላጊ አይደለም» ብሎ ጽፎ በልቡ መዝኖ ሊሆን ይችላል። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሰኔ 6 ቀን 1995 የሞት ቅጣትን በሻረበት የማክዋንያኔ ፍርድ አሥራ አንዱም ዳኞች ለየብቻቸው ሐሳባቸውን ጽፈዋል። ይህን ፍርድ «አንድ» ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ አሥራ አንድ ምክንያት ግን በአንድ ቁጥር አይታሰርም። ስለዚህ ቆጣሪው አንባቢም ይሁን።

6. ወደ ቤታችን

ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይፈይዳል? በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 4፣ በአስቸኳይ ጊዜ መብቶችን ማገድ የሚቻለው አዋጁን ያስፈለገውን ሁኔታ ለማስወገድ አስፈላጊ ሆኖ በተገኘው ደረጃ እንደሆነ ይናገራል። «አስፈላጊ በሆነው ደረጃ» የሚለው አነጋገር የመጠን ቋንቋ ነው። በ2016፣ በ2018፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ታውጀዋል። አዋጆቹን በጅምላ መደገፍም ሆነ መንቀፍ ለመድረክ ይመቻል፤ ለጥናት ግን አይበቃም። የተማሪ ሥራ እያንዳንዱን እርምጃ ከተባለው አደጋ ጎን አስቀምጦ፣ ሌላ መንገድ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

መረጃውስ? ያው አንቀጽ 93 በንዑስ አንቀጽ 6፣ የመርማሪ ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ፣ እርምጃዎቹም ኢሰብዓዊ እንዳይሆኑ እንዲከታተል ያዛል። ይህ ሕግ ብቻ ሳይሆን የጥናት ምንጭ ነው፤ ስሙ ይፋ ሆነ ወይ? በስንት ቀን? ምክንያቱ በአንድ ቃል ነው የተጻፈ ወይስ በዝርዝር? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ወጥተዋል፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የችሎቱ የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና፣ በክፍል 3 ያነሳነው የበሩ ጥያቄ እዚህ ይመለሳል፤ ከመብቱ የተነቀለ ሰው የቱን ደጅ ያንኳኳል?

ከአህጉራችንም የሚጠና አለ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበትን የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር የሚያስፈጽመው፣ በአሩሻ የሚያስችለው ፍርድ ቤት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 በቡርኪና ፋሶው ጋዜጠኛ በኮናቴ ጉዳይ፣ ስም በማጥፋት የተነሳ አሥራ ሁለት ወር ማሰር ከመጠን ያለፈ ነው ብሏል። ተመጣጣኝነት የአውሮፓ የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን ፍርድ ያንብብ።

ለጀማሪ አጥኚ ያለን ሐሳብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፍርድ አንድ ካርድ ይያዝ፤ በካርዱም ላይ ስድስት ነገር ይጻፍ። ማን ከሰሰ? በየትኛው በር ገባ? መንግሥት ምን ዓላማ አቀረበ? ማስረጃ ማን አመጣ? ፍርድ ቤቱ የቱ ጥያቄ ላይ ቆመ? ከፍርዱ በኋላ ሰውየው ምን ሆነ? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ፍርድ ተሰጠ ማለት ቤቱ ተሠራ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ እስረኛው ወጣ ማለት አይደለም። ሃምሳ ካርድ የሞላ ተማሪ ከሃምሳ መጣጥፍ የማይገኝ ነገር በእጁ ይዟል።

ሲጠቃለል፣ የተመጣጣኝነት መርሕ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮረብታ ላይ አልተወለደም። ከፊሉ የሥልጣን ወሰን ሆኖ፣ ከፊሉ የቅጣት ወሰን ሆኖ፣ ከፊሉ ደግሞ የጥቅሞች ሚዛን ሆኖ በየመንገዱ መጥቶ የተገናኘ ነው። በ1936 እንዳየነውም፣ አንቀጹ ሳይነካ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን የምናጠና ሰዎች ሥራችን የትውልድ ቀኑን ማክበር ሳይሆን፣ በየዘመኑ በሩ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፣ ያንን መመዝገብ ነው። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲሉ የቸኮለ እጅ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። ያ ጥሪ ዋጋ የሚኖረው የሚሰማው ዳኛ ሲኖር ነው፤ ዳኛው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪም ሲኖር።